የማንጎው ዝንብ ስሙ ማን ነው?

ጥያቄ፦ በእጃችን ያለው የቆየ የሥልጠና ጽሑፍ ማንጎ የሚያተላውን ዝንብ «ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ» ይለዋል። አዲሱ «ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ» ይላል። ሌላ ዝንብ ገብቶብን ነው ወይስ አንዱ ጽሑፍ ተሳስቷል? (የግብርና ባለሙያ፣ ከአርባ ምንጭ አካባቢ)

መልስ፦ ዝንቡ ያው ነው፤ ሁለቱም ጽሑፎች ለወጡበት ዘመን ትክክል ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ከዚያ በፊት በአፍሪካ ያልታወቀ የፍራፍሬ ዝንብ ተገኘ። የእስያውን ዶርሳሊስ ይመስላል፤ ግን የደረቱ ጀርባ አንዱ ላይ ጥቁር፣ ሌላው ላይ ቀይ ቡናማ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ዝንጉርጉር ነበር። ድሩ፣ ጹሩታና ዋይት የተባሉ ተመራማሪዎች በስሪላንካ ካለው ዝንብ ጋር አመሳክረው በ2005 ኢንቫደንስ ብለው እንደ አዲስ ዝርያ ሰየሙት። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1994 ድሩና ሃንኮክ ዶርሳሊስን ከሚመስሉት መካከል ፓፓዬ፣ ፊሊፒኔንሲስና ካራምቦሌ የተባሉትን ለይተው አውጥተው ነበር።

ችግሩ መለያዎቹ ላይ ነበር። የደረት ቀለም፣ የክንፍ ርዝመትና የእንቁላል መጣያ ርዝመት ከብዙ አገር በመጡ ናሙናዎች ላይ ሲታዩ የአንዱ ልክ ከሌላው ጋር ተደራረበ፤ ወሰን የሚሆን መስመር ጠፋ። ጉዳዩ የዓለም አቀፉን የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ይመለከት ነበር። በጨረር የመከኑ ወንዶችን እየለቀቁ ዝንቡን መቀነስ የሚቻለው የተለቀቀው ወንድ ከዱሯ ሴት ጋር ሲራከብ ብቻ ነውና። ስለዚህ ከተለያየ አገር የመጡት ዝንቦች በአንድ የመረብ ቤት ውስጥ ተለቀው ማን ከማን ጋር እንደሚራከብ ታየ። የኢንቫደንስና የዶርሳሊስ ዝንቦች ሳይለያዩ ተራከቡ፤ ልጆቻቸውም ፍሬያማ ሆኑ። ወንዶቹ ሜቲል ዩጂኖል የተባለውን ወንድ ዝንቦችን የሚስብ ኬሚካል ከተመገቡ በኋላ የሚያመነጩት ጠረን አንድ ነው፤ ክሮሞዞማቸውና ዲኤንኤያቸውም አልተለየም። ካራምቦሌ ግን በርክክቡም በጠረኑም የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ማስረጃ በ2015 ኢንቫደንስና ፓፓዬ በዶርሳሊስ ሥር ተጠቃለሉ፤ ፊሊፒኔንሲስም አብሮ ገባ። የተረፈው ስም ዶርሳሊስ የሆነው ቀድሞ ስለወጣ ነው፤ ሄንደል የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው በ1912 ነው። ድሩና ሮሚግ በ2016 ጥቅለላውን ተቃውመዋል። እኛ ግን የርክክቡን ማስረጃ ከደረት ቀለም ይልቅ የሚታመን አድርገን እናየዋለን፤ አብዛኛው ተመራማሪም በዶርሳሊስ ይጠቀማል።

በሪፖርትዎ «ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ፣ ቀድሞ ኢንቫደንስ» ብለው ይጻፉ። መረጃ ሲፈልጉም በሁለቱም ስም ይፈልጉ፤ በ2005 እና በ2015 መካከል በአፍሪካ የተሠራው ጥናት አብዛኛው ያለው በአሮጌው ስም ነው። በወጥመዱና በማሳው ጽዳት ላይ የሚቀየር ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ከዝርያው ስም ቀጥሎ «(ሄንደል፣ 1912)» በቅንፍ ሲሆን «ድሩ፣ ጹሩታና ዋይት፣ 2005» ያለ ቅንፍ የሚጻፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቅንፉ ዝርያው ወገን (ጂነስ) መቀየሩን ይናገራል። ሄንደል ከታይዋን ባገኘው ናሙና ሲሰይመው ዳኩስ በሚባለው ወገን ውስጥ ነበር ያስገባው፤ በኋላ ወደ ባክትሮሴራ ተዛወረ። ኢንቫደንስ ግን ከመጀመሪያው በባክትሮሴራ ውስጥ ነው የተሰየመው። ቅንፉን እንደ ጌጥ ቆጥረው አይጣሉት።

ቀድሞ የወጣ ስም ሁሉ ግን አይጸናም። ፋብሪሲየስ በ1794 ይህንኑ ዝንብ ሙስካ ፌሩጊኒያ ብሎት ነበር። ይሁንና ስኮፖሊ በ1763 ያንኑ ስም ለሌላ ዝንብ ስለሰጠው የፋብሪሲየስ ስም ውድቅ ሆነ።

ጥያቄ፦ ወጥመድ ውስጥ የገባውን ዝንብ በአጉሊ መነጽር ብቻ መለየት ይቻላል?

መልስ፦ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ብዙ ርቀት መሄድ ይቻላል። መጀመሪያ ክንፉን ይዩ። ዶርሳሊስ ክንፉ ጥርት ያለ ሆኖ በፊተኛው ጠርዝ እስከ ጫፉ የሚሄድ ቀጭን ቡናማ መስመር አለው። መስመሩ ሳይኖር ጫፉ ላይ ትንሽ ቡናማ ነጥብ ብቻ ካዩ በግብጽና በሱዳን ያለውን ባክትሮሴራ ዞናታ የተባለ ሌላ የፍራፍሬ ዝንብ ይጠርጥሩ፤ እሱም በሜቲል ዩጂኖል ይሳባል፤ በጊዜ ካልተለየ አደጋው ትልቅ ነው። ቀጥሎ የደረቱን ጀርባ ይዩ፦ ዶርሳሊስ ግራና ቀኝ ሁለት ቢጫ መስመሮች አሉት። መሃል ላይ ሦስተኛ ቢጫ መስመር ካለ የዱባ ዝንብ ሊሆን ይችላል። የዶርሳሊስ ሆድ ላይ አንድ አግድምና አንድ ቁልቁል ጥቁር መስመር ተጋጥመው ይታያሉ። ክንፉ በቢጫና በቡናማ የተዥጎረጎረ አነስ ያለ ዝንብ ከሆነ የሴራቲቲስ ወገን ነው። ቀይ ዓይን ያላት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆነው፣ በበሰበሰ ሙዝ ላይ የምታንዣብበው ደግሞ ድሮሶፊላ ናት፤ ቤተሰቧም ሌላ ነው።

ሰው የሚሳሳተው በሁለት ቦታ ነው። ከፍሬ አስፈልፍለው ወዲያው የገደሉት ዝንብ ቀለሙ ገና ስላልጠነከረ ሌላ ዝርያ ይመስላል፤ ስኳርና ውሃ እየሰጡ 4 ቀን ያህል ያቆዩት፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ ይግደሉት። ሁለተኛ፣ የሜቲል ዩጂኖል ወጥመድ የሚይዘው ወንድ ብቻ ነው። የሴቷን እንቁላል መጣያ ማየት ካስፈለገ የፕሮቲን ማባበያ ይጠቀሙ።

ትሉን በዓይን ለይቶ ዝርያውን መናገር አይሞከር። ያስፈልፍሉት ወይም ለዲኤንኤ ምርመራ ይላኩት። ለዝርያ መለያ በተለመደው አጭር የዲኤንኤ ክፍል ብቻ ግን ዶርሳሊስንና ካራምቦሌን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ ጋር የማይመሳሰል ዝንብ ካገኘሁ ስም ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ማንም ሰው ይችላል፤ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ግን ጥብቅ ነው። ስሙ ከሚለይበት ገለጻ ጋር በሕትመት መውጣት አለበት። ከ1999 በኋላ ለሚወጣ ስም፣ ስሙን የሚሸከም ናሙና በግልጽ መሰየም አለበት፤ አንድ ከሆነ ሆሎታይፕ ይባላል፤ በየትኛው ስብስብ እንደሚቀመጥም ይገለጻል። በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ዙባንክ በሚባለው መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት። ፎቶ ከስም ጋር በማኅበራዊ ገጽ መለጠፍ ስም ማውጣት አይባልም።

ከሁሉ በፊት ግን ናሙናውን ያድኑ። ጥቂቶቹን በመርፌ ወግተው ያድርቁ፤ አልኮል ቀለሙን ያደበዝዘዋልና። ሌሎቹን ለዲኤንኤ በ96 ከመቶ አልኮል ውስጥ አድርገው በቅዝቃዜ ያስቀምጡ። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስምና ዝንቡ የወጣበትን ፍሬ በእርሳስ ጽፈው ከናሙናው ጋር እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዝንብ ደግሞ ለማንም ስያሜ ማስረጃ አይሆንም።