የሞተር ሳይክል ዘይት መቼ ይለካ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ ሳቢያን በሞተር ሳይክል ዕቃ አደርሳለሁ። ጠዋት ዘይቱ ልክ ነው፤ ከሥራ እንደገባሁ ስለካው ግን ጎድሎ አገኘዋለሁ። ልጨምር?

መልስ፦ ይቆዩ፣ አይጨምሩ። ሞተሩ እንደጠፋ ዘይቱ ገና ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ከቴስታታው፣ አልወረደም። ሞተር ሳይክሉን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ በጎን መቆሚያው ካጋደለ ልኩ ይሳሳታል። 3 ደቂቃ አስነስተው ያጥፉ፣ ሌላ 3 ደቂቃ ይጠብቁ። መለኪያውን ጠርገው መልሰው ይክተቱ፤ በብዙ ሞዴሎች ሳይጠመዘዝ ነው የሚነበበው፣ መመሪያውን ይዩ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ይበቃል። በእርግጥ ከጎደለ 50 ሚሊ ሊትር እየጨመሩ ደግመው ይለኩ። ከላይኛው ምልክት በፍጹም አያሳልፉ፤ ትርፉ በመተንፈሻው ወደ አየር ማጣሪያው ይገባና ጭስ ያመጣል። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ የመኪና ዘይት ሊያንሸራትተው ስለሚችል «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA፣ የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት) የተጻፈበትን ይግዙ።