የሙያ ምክር፦ ፎቶዬን ላሳይ ወይስ ልደብቅ?

ጠያቂያችን የ25 ዓመት ወጣት ናት። በአካውንቲንግ ተመርቃ ባሕር ዳር በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ሁለት ዓመት ሠርግና ምርቃት አንስታለች። የፎቶ አንሺዎች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሥራዎቿን ስትለቅ «ምርጥ»፣ «እጅሽ ይባረክ» ይሏት ነበር። ባለፈው ወር አንድ አንጋፋ አንሺ «ብርሃን ሳታውቂ ሙሽራ አታንሺ» ብሎ ጻፈባት። ከዚያ ወዲህ ለማንም አንድ ፎቶ አላሳየችም። «ላሳይ ወይስ ልደብቅ? አሠራሬን ቢሰርቁኝስ? አዲስ ካሜራ ልግዛ? አባቴ ባንክ ግቢ ይለኛል፤ ከፎቶ ቤቱ ወጥቼ በራሴ ብሠራስ?» ትላለች። ሦስት ፎቶ አያይዛለች።

እህቴ፣

አምስት ነገር ጠይቀሽኛል። አራቱን በአጭር በአጭሩ እመልሳለሁ፤ የመጀመሪያው ግን ሌሎቹን ሁሉ ስለሚወስን እሱ ላይ እቆያለሁ።

ሰውዬው ባለጌ ነው። ያየው ነገር ደግሞ እውነት ነው። ስድቡን ጥለሽ ያየውን ነገር መውሰድ አለብሽ። ችግሩ ግን ያየውን አልነገረሽም፤ ስለዚህ በእሱ ፈንታ እኔ ልንገርሽ።

ሁለተኛውን ፎቶ እንውሰድ፤ ሙሽራዋ ጣና ዳር ዛፍ ሥር የቆመችበትን። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ከኋላዋ ውኃው ያበራል። ፊቷ ጠቁሯል። ደረቷ ላይ ያለው ጥበብ ደግሞ ጠፍቶ ቀሚሱ ነጭ ወረቀት መስሏል። ግንባሯና ግራ ጉንጯ ላይ በቅጠል መሐል የሾለከ ፀሐይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክል ነጠብጣብ ጥሏል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው፤ ነጭ ቀሚስና የሚያንጸባርቅ ውኃ ሲሞላው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም አጠቆረ፣ ፊቷም አብሮ ጠቆረ። አንቺ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ፊቷን ለማውጣት ብርሃን ስትጨምሪ ቀሚሱን አቃጠልሽው። በጄፔግ ብቻ፣ ካሜራው ራሱ አርሞና ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ እንደምታነሺ ጽፈሽልኛል፤ እንግዲያው የተቃጠለውን ጥበብ የሚመልስልሽ ነገር የለም።

መድኃኒቱ አዲስ ሌንስ አይደለም። ሙሽራዋን ከጥላው ጠርዝ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቢና ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙሪ። ክፍቱ ሰማይ እንደ ትልቅ መስኮት ፊቷን ያበራዋል፤ ከጀርባዋ የሚሆነው ጨለም ያለው የዛፉ ጥላ ነው። መለኪያውን አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ ወደሚለካው ስፖት ቀይሪና ጉንጯን ለኪ። ካሜራው ጠየም ያለ ቆዳን ከእውነቱ በላይ ስለሚያነጣ ከ⅓ እስከ 1 ስቶፕ ቀንሺ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። የተቃጠለውን ቦታ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ክፈቺ፤ ጥበቡ ላይ ብልጭ ካለ ሌላ ⅓ ቀንሺ። በሮውም፣ ካሜራው ሳያርመው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ አንሺ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እኛ ጋ አስተያየት ከሁለት አንዱ ነው፤ ምርቃት ወይም እርግማን። በይሉኝታ የሚመርቅሽ ሰው ክፉ አይደለም፤ ግን ደንበኛሽ እህቷን ለመዳር ወደ ሌላ ፎቶ ቤት ስትሄድ ለምን እንደሄደች አይነግርሽም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ከዚህ የተሻለ አትጠብቂ። በስልክ እየተንሸራተተ ሦስት ሰከንድ ያየሽ ሰው ከ«አሪፍ» በላይ የሚለው አይኖረውም።

የሚያስፈልግሽ አምስት ሰው ነው፤ አንቺን ጨምሮ። አምስቱም ሠርግ አንሺ ከሆኑ ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ዋጋና ስለ ሌንስ ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱ ፎቶ የሚያትም ሰው፣ አንዱ ሠዓሊ ወይም ግራፊክ ዲዛይነር ይሁን። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ተገናኙ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ፎቶ ብቻ ያምጣ፤ ለአንድ ፎቶ አሥር ደቂቃ። ሦስት ፎቶ የምለው ለሰዓቱ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ከአንድ ሠርግ 900 ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው ሦስቱን ሲመርጥ የትምህርቱን ግማሽ እዚያው ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ለሁለት ደቂቃ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ዓይኑ መጀመሪያ የት እንዳረፈና ምን እንደረበሸው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሳይጽፉ መናገር ከተጀመረ የመጀመሪያው ተናጋሪ ያለውን ሌሎቹ ይደግሙታል፣ በተለይ በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ። ከዚያ በየተራ ይነበባል፤ ታናሹ ይጀምር። ባለ ፎቶዋ ዝም ትላለች። ይሄ ነው ከባዱ። «ዕለቱ ዝናብ ነበር እኮ»፣ «ሚዜዎቹ አስቸኮሉኝ» ማለት ያምርሻል፤ ግን አልበሙን የምትከፍተው ሙሽራ አጠገብ ቆመሽ ዝናቡን አታስረጂላትም። ከአራቱ ሦስቱ ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ላይ ከጠቆሙ ጥፋቱ የፎቶው ነው። አንድ ሰው ብቻ ካለው የእሱ ምርጫ ሊሆን ስለሚችል መዝግበሽ እለፊው። በስተመጨረሻ አንድ ነገር ትመርጪያለሽ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ያንኑ አስተካክለሽ ያነሳሽውን ይዘሽ ትመጫለሽ። ይህ የመጨረሻው ከቀረ ስብሰባው ቡና መጠጫ ይሆናል።

ስትናገሪም ደንቡ ያው ነው። የመጀመሪያውን ፎቶሽን፣ እናትየው ሙሽራዋን የሚስሙበትን፣ እኔ እንዲህ እለዋለሁ፦ «ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ከእናትየው ትከሻ በላይ ወዳለው ቢጫ ፕላስቲክ ወንበር ነው። የእናትየው የተጨፈነ ዓይንና የሙሽራዋን ነጠላ ጨምድዶ የያዘው እጃቸው ፎቶውን ተሸክመውታል፤ ግን እጁ አንጓው ላይ በፍሬሙ ጠርዝ ተቆርጧል። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ብትሄጂ ወንበሩ ከራሳቸው ጀርባ ይደበቃል፣ ትንሽ ብታፈገፍጊ እጁ ይተርፋል።» እዚህ ውስጥ «አሪፍ» የለም፣ «ደካማ» የለም። «ጥቁርና ነጭ አድርጊው» ወይም «የእኔን ፕሪሰት (ዝግጁ የቀለም ማስተካከያ) ልላክልሽ» የሚል ካለ ግን ስለ ራሱ ፎቶ ነው የሚያወራው፤ አመስግነሽ እለፊ።

ለብዙ ሰው ማሳየት ካስፈለገም «አስተያየት?» ብለሽ አትልቀቂ። አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ፊቷ ከጀርባዋ ተለይቶ ይታያል?» ስትይ የሚመለስልሽ ቢያንስ አዎ ወይም አይ ነው። ፎቶውንም እንደ ፎቶ አትላኪ፣ እንደ ፋይል ላኪ። ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ምስል አሳንሶ ይጨምቀዋል፤ ሹተር ስፒዱን (ብርሃን የገባበትን ጊዜ)፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ክፍተት) እና አይኤስኦውን (የካሜራውን ለብርሃን የመሰማት መጠን) የያዘውን መረጃም ይገፈዋል። ሦስቱም ፎቶዎችሽ እንዲህ ተገፈው ነው የደረሱኝ። ፎከሱ ሳተ ወይስ መጭመቁ አደበዘዘው የሚለውን ማወቅ አልቻልኩም። በስልክ ያነሳሽው ከሆነ ግን እንደ ፋይል ከመላክሽ በፊት የቦታ መረጃውን አጥፊ፤ የሰው ቤት አድራሻ አብሮ ይሄዳል።

ለአምስቱ ሰው ደግሞ በስክሪን ሳይሆን አትመሽ ውሰጂ። 10 በ15 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1200 በ1800 ፒክሰል ገደማ ማለት ነው፣ ቀለሙን ኤስአርጂቢ በሚባለው የተለመደ የቀለም ዓይነት አውጪው። የመጀመሪያው ኅትመት ሲጠቁርብሽ አታሚውን አትሳደቢ። ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ላፕቶፑን እስከ መጨረሻው አብርተሽ ስለምታርሚ ፎቶው ያለ ልክ የበራ ይመስልሻል፣ አንቺም ታጠቁሪዋለሽ። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጊ፣ አምፖል አብሪ፣ አንድ ሙከራ አሳትመሽ ጎን ለጎን አስተያዪ።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ አግድም የሚሄደውን ቡናማ ጥላ ካሜራው ተበላሽቶ ነው ብለሻል። አልተበላሸም። መብራታችን 50 ሄርዝ ስለሆነ የአዳራሽ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ በ1/250 ሴኮንድ ሹተር ስታነሺ የዚያን ቁራጭ ብቻ ነው የምትይዢው። ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 አድርጊ፣ ሰው በሚጨፍርበት ቦታ ደግሞ ፍላሽ ጨምሪ። ለጥገና ልትከፍይ የነበረውን ብር ያዳነልሽ ፎቶውን ማሳየትሽ ነው፤ ደብቀሽው ቢሆን ጥገና ቤት ነበርሽ።

ዓለም ላይ ስም ያላቸውም ከዚህ አያመልጡም። በ1947 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ማግነም የተባለው የፎቶ አንሺዎች ኅብረት አዲስ ፎቶ አንሺ በአንድ ቀን አባል አያደርግም፤ ዕጩው ሥራውን ለአባላቱ እያቀረበ በየደረጃው በድምፅ ነው የሚያልፈው። እዚህም ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው የፎቶ ፌስቲቫል የፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የተመረጡ ሥራዎች ስብስብ፣ ግምገማ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ዕድል ስታገኚ አሥራ ሁለት ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፤ አርባ ይዞ የሚመጣ ሰው ያልመረጠ ሰው ነው።

ወደ ሌሎቹ ጥያቄዎች። አሠራር ይሰረቃል ወይ? ጥላ ጠርዝ ላይ ፊት ወደ ሰማይ ማዞር የማንም ንብረት አይደለም። የሚሰረቀው ፎቶው ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ፎቶ ጥበቃ እንዲያገኝ የስብስብ አካል መሆኑን፣ በመጽሐፍ መታተሙን ወይም የአንሺው ስም ወይም አድራሻ ያለበት መሆኑን ይጠይቃል። ስለዚህ ጥግ ላይ ትንሽ አድርገሽ ስምሽን ጻፊ፤ ሙሽራዋን የሚሸፍን ትልቅ ማኅተም አያስፈልግም። የሚያሳስብሽ ግን የሙሽራዋ መብት ይሁን፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። ውልሽ ላይ አንድ መስመር ጨምሪ፣ «ፎቶዎቹን ለሙያ ማሳያነት መጠቀም፦ እስማማለሁ / አልስማማም» የሚል፣ አስፈርሚም።

ካሜራ አትግዢ። 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ከሌለሽ እሱን ግዢ፣ ሌላው ይቆይ።

አባትሽን በአክብሮት እቃወማለሁ። ከደመወዝሽ ግማሹ ለቤት እንደሚሄድ ጽፈሻል፤ ፎቶ ሥራ አይደለም የሚባልበት ቤት ጤፍና ዘይቱን በፎቶ ደመወዝ እየገዛ ነው። «ባንክ ገብተሽ ፎቶውን በትርፍ ሰዓትሽ» የሚሉሽም ቅዳሜን ረስተዋታል፤ ባንክ ቅዳሜም ይሠራል፣ ሠርግም ቅዳሜ ነው። ባንክ ነውር የለበትም፤ ከገባሽ ግን ፎቶውን ለመተው ወስነሽ ግቢ።

በራስሽ መጀመሩን ግን ለዘንድሮ አልመክርሽም። የሠርግ ገንዘብ በየወሩ አይመጣም፤ ከጥምቀት በኋላ ይጎርፋል፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ይደርቃል፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል፣ ክረምት ሲገባ ይቀንሳል። ሳትሠሪ የምትኖሪበት የአራት ወር ወጪ በእጅሽ ሳይኖር፣ ጥፋትሽን የሚነግርሽ አራት ሰውም ሳይኖርሽ ከደመወዝ አትውጪ። እስከዚያው የዩኒቨርሲቲዎችንና የቢሮዎችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል፣ የጋዜጣና የተራድኦ ድርጅት የፎቶ ቦታዎችን ተመልከቺ፤ በየቀኑ ፎቶሽን አይቶ «ይሄ ይውጣ፣ ይሄ ይቅር» የሚል ሰው ያለበት ወንበር ነው። እኔ ከእንደዚህ ዓይነት ጠረጴዛ የመጣሁ ስለሆንኩ ወደዚያ እንደማደላ እወቂና ምክሬን በዚያው ልክ ቀንሰሽ ውሰጂው።

ለሰውዬው መልስ አትጻፊ። የጣና ዳሩን ፎቶ በሚቀጥለው ሠርግ በነገርኩሽ መንገድ ደግመሽ አንሺና ሁለቱን፣ የበፊቱንና የአሁኑን፣ ላኪልኝ። እንደ ፋይል።