በቀን ስንት ቃል ልሸምድድ ላላችሁ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ የሚማር አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ እንግሊዝኛዬ ከፍ እንዲል በቀን ስንት ቃል ልሸምድድ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ቁጭቱም ያው የድሮው ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ ስንት ጎበዝ ልጅ ዓመት ሙሉ ቃል ሲሸመድድ ከርሞ አንድ አንቀጽ መጻፍ ያቅተዋል።

የነዚህ ልጆች ደብተር አንድ ዓይነት ነው። ገጹ መሀል ለመሀል በማስመሪያ ተሰምሯል፤ በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍቺ። ከኪስ መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ የተቀዳ ስለሆነ አባንደን፣ አቦሊሽ፣ አብሶርብ፣ አብስትራክት እያለ ይወርዳል። የ«ኤ» ገጾች ወይበው ዳራቸው ተቀዳዷል፤ ከ«ዲ» ወዲያ ያለው ወረቀት ንጹሕ ነው። ልጁ ሰንፎ አይደለም። በፊደል ተራ የተደረደሩ ቃላት አጀማመራቸው ስለሚመሳሰል አንዱን ሲፈልጉት ሌላው ይመጣል። ተቃራኒዎችን ባንድ ቀን መያዝም ያምታታል፤ ኢንክሪዝን (መጨመርን) በደንብ ከለመዳችሁ በኋላ ነው ዲክሪዝ (መቀነስ) የሚመጣው።

የባሰው ጉዳት ግን በቀኝ በኩል ያለው ረድፍ ነው። ሰብስታንሻልን «ከፍተኛ» ብሎ የያዘ ልጅ ስለ ጮቄ ድርሰት ጻፍ ሲባል «ጮቄ ኢዝ ኤ ሰብስታንሻል ማውንቴን» ይላል። ሰዋስዉ ደኅና ነው፤ ቃሉ ግን ቦታው አይደለም። ሰብስታንሻል ብዛትንና ክብደትን እንጂ ቁመትን አይናገርም። አብረውት የሚሄዱት አማውንት (መጠን)፣ ኤቪደንስ (ማስረጃ)፣ ኢንክሪዝና መሰሎቻቸው ናቸው፤ ለተራራ ሃይ (ረጅም) ይበቃዋል። ልጁ ፍቺውን ይዟል፤ የቃሉን ጓደኞች ግን አልያዘም። ድርሰቱ ሲታረም ነጥብ የሚቀነሰው እዚህ ላይ ነው።

በቀን 5 ቃል ይበቃል። ቃሉን ካነበባችሁት ጽሑፍ ውሰዱ። አንድ የደብተር ሉክ ለ8 ቁረጡ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ቃል ካርድ ነው። በፊት ለፊቱ ቃሉ የተገኘበትን ዐረፍተ ነገር ቅዱ፤ የቃሉን ቦታ ግን ክፍት ተዉት፣ የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ ጻፉ። በጀርባው ቃሉን፣ ሁለት ጓደኞቹን፣ ከአንድ ሥር የወጡ ዘመዶቹን፣ ከዚያም ስለ ራሳችሁ ሰፈር የሠራችሁትን ዐረፍተ ነገር አስፍሩ። አማርኛው የግድ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ይግባ። ድምፁ ጎልቶ የሚነገርበትን ክፍል አስምሩበት፤ አናላይዝ ላይ መጀመሪያው ክፍል፣ አናሊሲስ ላይ ሁለተኛው፣ አናሊቲካል ላይ ሦስተኛው ነው። ቤተሰቡ አንድ፣ ዜማው ግን ሦስት ነው፤ ይህን ያልያዘ ሰው ቃሉን እያወቀው ሲነገር አይሰማውም። እኔ እዚህ በፊደላችን የጻፍሁት ለንባብ እንዲቀና ነው፤ ካርዱ ላይ ግን በእንግሊዝኛው ፊደል ጻፉ። በኛ ፊደል በጉም መርከቡም ሺፕ ሆነው ይቀራሉ።

ዋሸራና ዲማ የሚማር የቅኔ ተማሪ ግስ ብቻ አጥንቶ አይተኛም። ሁለት ቤት ብቻ ባላት አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል (ይደርሳል)፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። እናንተም ከ5ቱ ቃል በሁለቱ በየማታው ሁለት ዐረፍተ ነገር ሥሩና ለሚያርም ሰው አሳዩ። ካልታረመ ስሕተቱ ይደርቃል።

ክለሳው ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው መርሳት የሚበረታው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት ካርቶን አዘጋጁ። የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየ3 ቀኑ፣ ሦስተኛው በሳምንት አንድ ጊዜ ይታያል። ያስታወሳችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ የሳታችሁት የትም ይሁን የት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። መልሱን ሳታዩ በቃላችሁ አምጡት፤ ገልብጦ እያዩ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ማለት ክለሳ አይደለም። የዛሬ ልጆች ቴሌግራም ላይ «1000 ወሳኝ ቃላት» የሚል ፋይል በየቀኑ ያወርዳሉ፤ ስልካቸው ሞልቶ አፋቸው ባዶ ነው። ሲበዛ ያሳዝነኛል፤ ፍላጎቱ አላቸውና።

ዝርዝር አትያዙ ስል ቆይቼ አንድ ዝርዝር ልመክራችሁ ነው። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ ኒውዚላንድ ሆና ያዘጋጀችውና እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች አሉት። በዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ውስጥ ከ100 ቃል 10 ያህሉ ከነዚህ ነው። በፊደል ተራ ሳይሆን በድግግሞሽ ብዛት በ10 ንዑስ ዝርዝር ስለተከፈለ ከአንደኛው ጀምሩ። በሳምንት 6 ቀን አምስት አምስት ብትይዙ፣ እሑድን ለክለሳ ብትተዉ፣ በ19 ሳምንት ይጠናቀቃል። ቃሉን ከዝርዝሩ ምረጡ፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን ከመጽሐፍ ፈልጉ።

ዝርዝሩ ግን የተሠራው የተለመዱትን 2000 መሠረታዊ ቃላት ለሚያውቅ ሰው ነው። እነሱ ሳይገቡ ወደ አካዳሚኩ መዝለል ድካም ነው፤ እውነቱን ለመናገር 12ኛ ክፍል ደርሰው እነሱ የጎደሉባቸው ብዙ ናቸው። ለመፈተን የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ ክፈቱ። 100 ቃል ቁጠሩና የማታውቁትን አስምሩ። 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ንባቡ ለናንተ ነው፤ ከ5 ከበለጠ ቀለል ያለ ፈልጉ። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ሐሳቡ ይጠፋበታል፤ ሐሳቡ የጠፋበት ደግሞ ቃሉን ከምን ጋር እንደሚይዘው አያውቅም።

570ውን የጨረሰ ወደ ሙያው ይዙር። ጤና የምታጠኑ ከሆነ ከግሪክኛ የመጡትን የቃል ሥሮች ያዙ፤ ካርዲ ልብን፣ ሄፓ ጉበትን፣ ኔፍሮ ኩላሊትን ይነግራችኋል፤ መጨረሻው አይቲስ ከሆነ ብግነት ነው። ጋስትራይቲስን (የጨጓራ ብግነትን) ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሱ ተነሥታችሁ ሄፓታይቲስንና ኔፍራይቲስን ሳትሸመድዱ ትፈቷቸዋላችሁ። በሌላ መስክ ያላችሁም ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ጀርባ ያለውን የቃላት መፍቻ አውጡ፤ በየምዕራፉ ከ10 ያልበለጠ ምረጡና በዚያው ካርድ፣ በዚያው ካርቶን ሥሩበት።