ክረምት ሳይገባ ፖቶስን ማዛወር

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ሳሎናችን ውስጥ አምስት ዓመት የሞላው ፖቶስ አለ። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ስገዛው በትንሽ የፕላስቲክ ፖት ነበር፤ ዛሬም እዚያው ፖት ውስጥ ነው። ሐረጉ ግን በመጋረጃው ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ መስኮቱን ዞሮታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ አዲስ የሚያወጣቸው ቅጠሎች እያነሱ መጥተዋል፤ የታችኞቹም ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ። ውኃ ሳጠጣው ወዲያው በሥር በኩል ይወርዳል፤ በፖቱ ቀዳዳም ሥሮች ወጥተው ይታያሉ። ስለዚህ አንድ ትልቅ የሸክላ ፖት ገዛሁ። ቀዳዳ የለውም፤ ሻጩ ግን ከሥሩ ጠጠር ካደረጉበት ችግር እንደማይኖረው ነግሮኛል። አፈሩን ከግቢያችን ጥቁር አፈር ልሞላው አስቤ ነበር። አማቴ ደግሞ ተክል የሚዛወረው በክረምት ነውና ሐምሌ እስኪገባ ጠብቂ ይሉኛል። ሐረጉንስ ልቁረጠው? አበባ አውጥቶ አለማወቁስ ከፖቱ መጥበብ ይሆን? መዳህ የጀመረች ልጅም አለችኝ፤ ተክሉ መርዝ አለው ሲባል ሰምቻለሁ።
(ከአዲስ አበባ፣ ግንቦት)

መልስ፦ የገለጹልን ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ ሥሩ ፖቱን እንደሞላው ያመለክታሉ። ሥር በጠባብ ቦታ እየዞረ ሲያድግ የአፈሩን ቦታ ይወስዳል፤ የቀረው ጥቂት አፈርም ውኃ መያዝ ስለማይችል ያጠጡት ሁሉ ወደ ሰሃኑ ይወርዳል። ሆኖም የቅጠል ቢጫ መሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ውኃ የበዛበት ተክልም ይህንኑ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት ተክሉን ከፖቱ አውጥተው ሥሩን በዓይንዎ ይመልከቱ። ጤነኛ የፖቶስ ሥር ነጣ ያለና ሲነኩት ጠንከር የሚል ነው። ቡናማ ሆኖ፣ በሁለት ጣት ሲስቡት ላዩ ተንሸራቶ ቀጭን ክር ብቻ በእጅዎ ላይ ከቀረና መጥፎ ሽታ ካለው ግን በስብሷል። የበሰበሰ ሥር ወቅት አይጠበቅለትም፤ የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው ያን ዕለት አፈሩን ይቀይሩለት።

ፖቶስ የመጣው በደቡብ ፓስፊክ፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ከምትገኘው ከሞኦሬያ ደሴት ነው። እዚያ በዛፍ ግንድ ላይ እየተንጠላጠለ ይወጣል፤ ከየአንጓው የሚያወጣቸው ሥሮች የዛፉን ቅርፊት ይዘው ከዝናብና ከአየር ጋር ይኖራሉ። ከዚህ የሚከተለው ዋና ነገር የፖቶስ ሥር ከውኃው እኩል አየር የሚፈልግ መሆኑ ነው። በእኔ እምነት በቤታችን ከሚሞቱት ፖቶሶች የሚበዙት የሚሞቱት በውኃ ጥም ሳይሆን ሥራቸው በረጠበ አፈር ታፍኖ ነው። ከዚህ በታች የምሰጥዎ ምክር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

በመጀመሪያ የገዙት ፖት በጣም ትልቅ ከሆነ ይተዉት። አዲሱ ፖት ከአሮጌው በአፉ ስፋት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል። ለተክሉ ሰፊ ቦታ መስጠት ደግነት ቢመስልም፣ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር የያዘውን ውኃ የሚጠጣለት ስለማያገኝ ለሳምንታት እንደረጠበ ይቆያል፤ በውኃ በተሞላ አፈር ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ያልቃል፤ ሥሩ ይዳከማል፤ አበስባሽ ሻጋታዎችም በቀላሉ ያጠቁታል።

የጠጠሩን ነገር ብዙ አንባቢዎች ስለሚያምኑበት ጠለቅ አድርጌ ላስረዳ። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሰፋፊ ክፍተት ያለው ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ ውኃውን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይዞ ስለሚያስቀር፣ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ከመጠን በላይ እስኪጠግብ ድረስ አይለቀውም። ስለዚህ ጠጠር ሲደረግ ረግረጉ አይጠፋም፤ ከፖቱ ወለል ተነሥቶ ወደ ሥሩ ይቀርባል እንጂ። በዚያ ላይ ፖቱ ቀዳዳ ከሌለው የተጠራቀመው ውኃ መውጫ የለውም። የሸክላውን ፖት ከወደዱት እንደ ማቀፊያ ይጠቀሙበት፦ ተክሉን ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ፖት ተክለው በውስጡ ያስቀምጡት፤ ባጠጡት ቁጥርም ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውጥተው በሥሩ የተጠራቀመውን ውኃ ይድፉ። ሸክላን ሳይሰነጥቁ በመሰርሰሪያ የሚበሱ ባለሙያዎችም ስላሉ፣ ይህም ሌላ አማራጭ ነው።

የግቢዎን ጥቁር አፈር ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በሚሰነጠቅበት ጊዜም ቀጫጭኖቹን ሥሮች ይበጥሳል። ጤፍና ሽምብራ በማሳ ላይ የሚችሉት አፈር በጠባብ ፖት ውስጥ ለፖቶስ እንደ ሲሚንቶ ይሆንበታል። ቀይ አፈር ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ብቻውን በፖት ሲቆይ ስለሚጠቀጠቅ የሚያላላው ነገር ይፈልጋል። እኔ የምመክረው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ ሁለት እጅ ደግሞ ቀይ አሽ ወይም ፑሚስ ነው። ቀይ አሽና ፑሚስ ከእሳተ ገሞራ የተገኙ፣ በውስጣቸው አየር የያዙ ቀላል ድንጋዮች ሲሆኑ፣ ብሎኬት አምራቾች ዘንድ አይጠፉም፤ ገና ከሲሚንቶ ያልተቀላቀለ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። ወንፊት ላይ ነፍተው የአተርን ያህል መጠን ያለውን ይውሰዱ፤ አቧራውንም በውኃ ይጠቡት፤ አቧራው ከቀረ ሊከፍቱት የፈለጉትን የአየር ቀዳዳ መልሶ ይደፍነዋል። ያልበሰበሰ የቡና ገለባና ትኩስ ፍግ አይጨምሩ፤ ገለባው ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል፤ ትኩስ ፍግ ደግሞ ሥር ያቃጥላል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ የእናታችን ምክር በሜዳ ለሚተከል ችግኝ እውነት ነው። ዝናቡ ያጠጣዋል፤ አፈሩም ጥልቅ ስለሆነ ውኃው ወደ ታች ይሰርጋል። የቤት ውስጥ ፖት ግን ከዚህ ይለያል። ፖቶስ በደንብ የሚያድገው ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ሲሆን፣ ከ15 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ እንደመሆኗ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ይዳምናል፤ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ አየሩም እርጥብ ስለሚሆን አፈር ቶሎ አይደርቅም። በማዛወር የተጎዳ ሥር በዚያ ወቅት ለማገገም ይቸገራል። ለአዲስ አበባ የተሻለው ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ እርስዎም በግንቦት ስለጻፉልን ሰኔ ሳይጠና ይጨርሱት። ካልተመቸዎ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ እስክትመለስ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ይታገሡ። ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ሌሊቶች ብርድ ስለሚበዛባቸው አልመክራቸውም።

ተክሉን ከማዛወርዎ አንድ ቀን ቀድመው ያጠጡት፤ የረጠበ ሥር በቀላሉ አይሰበርም። ፖቱን በጎኑ አጋድመው ዙሪያውን ጫን ጫን ያድርጉት፤ ከዚያም ሐረጉን ሳይጎትቱ የሥሩን ጓል በመዳፍዎ ይዘው ያውጡት። በቀዳዳው የወጡት ሥሮች ከያዙት የፕላስቲክ ፖቱን በመቀስ መቅደድ ሥሩን ከመበጠስ ይሻላል። ጓሉን ሲያዩት ሥሮቹ የፖቱን ቅርጽ ይዘው ክብ እየዞሩ ያገኙአቸዋል፤ ከታችና ከጎን በጣትዎ ቀስ አድርገው ይፍቷቸው፤ ካልተፈቱ በአዲሱ ፖት ውስጥም እየዞሩ ይቀጥላሉ። ተክሉ ቀድሞ ከነበረበት ጥልቀት ሳይቀብሩት ያስገቡትና ዙሪያውን በአዲሱ አፈር ይሙሉ፤ ከላይ ለውኃ ማጠጫ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። አፈሩን በአውራ ጣት መጠቅጠቅ የተለመደ ቢሆንም ያስገቡትን አየር መልሶ ያስወጣዋል፤ ፖቱን ወለል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ከታች እስኪወርድ ያጠጡት፤ የሚቀጥለውን ውኃ ግን ጣትዎን ወደ አፈሩ ከተው እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት ብቻ ይስጡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅጠሎቹ ዝልፍልፍ ቢሉ አይደንግጡ፤ ውኃም አይጨምሩለት። ቀጥተኛ ፀሐይ ከማያገኘው ብሩህ ቦታ ያቆዩት፤ ማዳበሪያ ለመስጠትም ወር ተኩል ያህል ይጠብቁ።

ሐረጉን በዚያው ቀን አይቁረጡት፤ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ይድረስ። የሚቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ አንጓ ሊኖረው ይገባል። አንጓው ላይ ትንሽ ቡናማ ጉብታ ያያሉ፤ ሥር የሚወጣው ከእርሱ ነው፤ አንጓ የሌለው ቅጠል ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለምልሞ ቢቆይም ተክል አይሆንም። ቁራጮቹን በብርጭቆ ውኃ አቁመው ውኃውን በየጥቂት ቀኑ ይቀይሩ፤ ሥሩ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ እዚያው እናትየው ፖት ውስጥ ይትከሏቸው። የተራቆተው ግርጌ የሚሞላው በዚህ መንገድ ነው።

አበባ አለማውጣቱ ከፖቱ ጋር አይገናኝም። ፖቶስ አበባ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ጅበረሊን የተባለ ሆርሞን በበቂ መጠን ስለማይሠራ፣ በማንም ቤት አበባ አያሳይም ማለት ይቻላል።

ስለ ልጅዎ የሰሙት እውነት ነው። በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለ፣ እንደ መርፌ የሾለ ጥቃቅን ክሪስታል አለ፤ ሲያኝኩት አፍን፣ ምላስንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ያሳብጣልም። ድመትና ውሻንም ይጎዳል። ፖቱን ልጅቱ ከማትደርስበት ከፍታ ያኑሩ፤ ወደ ወለል የሚወርደውን ሐረግ ይሰብስቡ፤ የረገፈውን ቅጠል ቶሎ ያንሡ። ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ። ልጅቱ ካኘከች አፏን በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ውኃ ይስጧት፤ ለማስመለስ ግን አይሞክሩ። አፏ ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራት ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ሞንስቴራዬን ላዛውር ነው። ከግንዱ የወጡት ረጃጅም የአየር ሥሮች ይቆረጡ? አፈሩ ላይ ደግሞ ነጭ ነገር ጋግሯል።
(ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይቁረጧቸው። ሞንስቴራም ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባሉ ደኖች ዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነውና እነዚህ ሥሮች መደገፊያዎቹ ናቸው፤ አፈር የሚደርሱትን ወደ አዲሱ ፖት ቢመሯቸው ውኃና ምግብም ያመጡለታል። ድጋፍ እንጨቱን የሚያቆሙት በማዛወሩ ዕለት፣ አፈሩ ከመሞላቱ በፊት ይሁን፤ በኋላ ሲወጉት ሥር ይሰብራል። ነጩ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከውኃው የሚቀር ማዕድን ነው። የላይኛውን 2 ሴንቲ ሜትር አፈር ጠርገው ይጣሉት፤ ካዛወሩ በኋላም በየሁለት ወሩ አንድ ጊዜ ከታች በብዛት እስኪወርድ ድረስ አጥግበው ያጠጡት፤ የተጠራቀመው ጨው አብሮ ይታጠባል። የዝናብ ውኃ ካጠራቀሙ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። በእናንተ ከተማ ብርድ ችግር ስለማይሆን ዓመቱን ሙሉ ማዛወር ይቻላል፤ ሙቀቱ የሚበረታባቸውን ግንቦትንና ሰኔን ብቻ ይዝለሏቸው።