«በጀት በፈቀደ መጠን» የሚል የፖሊስ ካሜራ ደንብ ያስገድዳል?

ጥያቄ፦ የከተማችን ምክር ቤት የፖሊስ አባላት በደረታቸው ላይ ካሜራ እንዲያደርጉ የሚያዝ ረቂቅ ደንብ አዘጋጅቶ የነዋሪዎችን አስተያየት ጠይቋል። ዋናው አንቀጽ «የፖሊስ ተቋሙ በጀት በፈቀደ መጠን ለአባላቱ ካሜራ ያቀርባል» ይላል። ታናሽ ወንድሜ በፖሊስ ሲያዝ ተደብድቦ፣ ምስክር በማጣቱ አቤቱታው ያለ ውጤት ተዘግቷል። ይህ አንቀጽ ተቋሙን ያስገድደዋል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ በወንድምዎ ላይ ስለደረሰው በደል ማዘኔን እገልጻለሁ። አንቀጹ አሁን በተጻፈበት መልኩ ተቋሙን የሚያስገድድ ሆኖ አላገኘሁትም። «ያቀርባል» የሚለው ቃል ለብቻው ቢቆም ግዴታ ይጥል ነበር፤ «በጀት በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ሲታከልበት ግን ግዴታው መቼ እንደሚጀምር የሚወስነው ባለግዴታው ራሱ ይሆናል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስና የተቋሙ ጠበቃ የበጀት ሰነዱን አቅርቦ «ለዚህ የተመደበ ገንዘብ የለም» ብሎ ቢከራከር፣ ዳኛው ከዚያ አልፎ ትእዛዝ የሚሰጥበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

ይህ በተግባር የታየ ችግር ነው። በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 ዋልተር ስኮት የተባለ ያልታጠቀ ሰው እየሸሸ ሳለ በፖሊስ ጥይት ከጀርባው ተመትቶ ሲወድቅ አንድ መንገደኛ በስልኩ ቀረጸው፤ በዚያው ዓመት ግዛቲቱ ፖሊሶች ካሜራ እንዲያደርጉ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ይሁን እንጂ ያው ሕግ አንድ ተቋም ሙሉውን ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ካሜራውን ሥራ ላይ የማዋል ግዴታ እንደሌለበት ደንግጓል። ትእዛዙም ማምለጫውም በአንድ ሕግ ውስጥ ተጻፉ ማለት ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ የብዙዎች ስሕተት የካሜራውን ዋጋ ብቻ ማስላት ነው። ካሜራው አንዴ ይገዛል፤ ምስሉን ማከማቸት፣ የሶፍትዌር ፈቃድ ማደስ፣ ምስሉን መርምሮ የሌሎች ሰዎችን ፊት የሚሸፍን ባለሙያ መቅጠር ግን በየዓመቱ የሚመለስ ወጪ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ለ73 የፖሊስ ተቋማት ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለካሜራ መርሐ ግብር ሲሰጥ፣ የረጅም ጊዜ የምስል ማከማቻ ወጪው የየተቋማቱ ኃላፊነት እንደሆነ ገልጾ ነበር። ስለዚህ በእርዳታ ወይም በአንድ ዓመት ድጎማ ላይ ብቻ የተመሠረተ ደንብ ካሜራው በተገዛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊቆም እንደሚችል ከወዲሁ ማሰብ ይገባል። ረቂቁ ወጪው ከየትኛው የበጀት ርዕስ በየዓመቱ እንደሚሸፈን በግልጽ ሊያመለክት ይገባል።

ገንዘቡ ተገኝቶ እንኳ አባሉ ካሜራውን መቼ እንደሚያበራ ለራሱ ውሳኔ ከተተወ ደንቡ ለወንድምዎ ዓይነት ጉዳይ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ይፋ የሆነ አንድ ቅጂ ይህን በግልጽ ያሳያል። ካሜራው የማብሪያ ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ያለውን 30 ሴኮንድ ያለ ድምፅ የሚያስቀር ነበር። በዚያ ድምፅ አልባ ምስል ውስጥ የፖሊስ አባሉ አንዲት ከረጢት በጣሳ ውስጥ አድርጎ በቆሻሻ መሐል ሲያስቀምጥ፣ ወደ መንገድ ወጥቶ ቁልፉን ሲጫን፣ ከዚያም ተመልሶ አደንዛዥ ዕፁን «ሲያገኝ» ይታያል። አባሉ በኋላ ማስረጃ በመፈብረክ ጥፋተኛ ተብሏል። ያ 30 ሴኮንድ ባይኖር ኖሮ ካሜራው ራሱ የሐሰት ማስረጃ መሣሪያ ይሆን እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

ስለሆነም ካሜራ ባለማብራት የሚከተለው ውጤት በደንቡ ውስጥ መጻፍ አለበት። የኮሎራዶ ግዛት በ2020 ያወጣው ሕግ በዚህ ረገድ ጥሩ አርአያ ነው፤ አባሉ መቅረጽ ሲገባው ካልቀረጸ ወይም ቅጂውን ከነካካ፣ የጎደለው ምስል ጥፋቱን ያሳይ ነበር የሚል ግምት በምርመራም ሆነ በክርክር ሊወሰድበት ይችላል። ይህ የማስረዳቱን ሸክም ምስክር ካጣው ተበዳይ ትከሻ ላይ በከፊል ያነሣል።

ለእውነት ስል አንድ ነገር ልጨምር። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2,000 በላይ የፖሊስ አባላትን ያካተተና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ካሜራ ማድረግ በኃይል አጠቃቀም ላይም ሆነ በአቤቱታ ብዛት ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላመጣም ብሏል። እኔ ካሜራውን የምደግፈው ከሁሉ በላይ በማስረጃነቱ ነው። ማስረጃ ደግሞ ካልተጠበቀ ይጠፋል፤ ከደንበኞቼ አንዱ ቅጂውን በጠየቀበት ጊዜ የማቆያ ጊዜው አልፎ ተሰርዞ አግኝተነዋል። አቤቱታ የቀረበበት ምስል ጉዳዩ እስኪያልቅ እንዳይሰረዝ፣ የተቀረጸው ሰውም ቅጂውን የማግኘት መብት እንዲኖረው ረቂቁ ላይ ይጠይቁ።

ለምክር ቤቱ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ የምመክረው አንቀጽ የሚከተለው ነው፦ «የፖሊስ ተቋሙ ይህ ደንብ ከጸደቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝብን በቀጥታ ለሚያገኝ አባል ሁሉ ካሜራ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ለግዢውና ለምስል ክምችቱ የሚያስፈልገው ገንዘብ በየዓመቱ በከተማው በጀት ራሱን በቻለ ርዕስ ይያዛል።» አስተያየትዎን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ከማጽደቂያው ስብሰባ በፊት ያስገቡ፤ የእርስዎን ቅጂ ቀን ተጽፎበትና ማኅተም ተደርጎበት ይረከቡ።