መልስ፦ በሩዋንዳ ገዳይና የሟች ቤተሰብ እንዴት ጎረቤት ሆነው ሊኖሩ ቻሉ?

ጠያቂያችን በሩዋንዳ የገደሉና ወገን የተገደለባቸው ሰዎች ጎረቤት ሆነው የሚኖሩት ከልብ ይቅር ተባብለው ነው ወይስ በመንግሥት ግፊት ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ ግምት ሁለቱም አለበት፤ ከሁለቱም የቀደመው ግን ችግር ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ቱትሲዎች፣ ሲጨፈጨፉ ገዳዩ ብዙ ጊዜ የዚያው ኮረብታ ሰው ነበርና፣ አገሩም ጠባብ፣ መሬቱም የተያዘ በመሆኑ፣ ከእስር የተፈታው ወደዚያው ከመመለስ በቀር መሄጃ አልነበረውም።

እስር ቤቶች ከመቶ ሺህ በላይ ተጠርጣሪዎች ታጭቀውባቸው መደበኛ ፍርድ ቤቶች ሊወጡት ስላልቻሉ፣ «ጋቻቻ» የተባለው የመንደር ሸንጎ በ2002 ተሞክሮ፣ በ2005 በመላ አገሪቱ ተዘርግቶ፣ በ2012 ተዘጋ። ዳኞቹ የሕግ ባለሙያዎች ሳይሆኑ ነዋሪው በምግባራቸው የመረጣቸው ሰዎች ነበሩ። ጥፋቱን ያመነ ተከሳሽ ቅጣቱ እንዲቀልለት ከማን ጋር እንደገደለና አስከሬኑን የት እንደጣለ መናገር ነበረበት። ከዘመድ አዝማዱ አንድም ላልቀረለት ሰው፣ አጽም አግኝቶ በወግ መቅበር ከማንኛውም የይቅርታ ንግግር የሚበልጥ ይመስለኛል።

ጉድለቱም ቀላል አልነበረም። በመመስከራቸው የተገደሉ፣ በቂም የተከሰሱ ነበሩ፤ ጭፍጨፋውን አስቁሞ ሥልጣን የያዘው የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ወታደሮች ፈጸሙት የተባለው ግድያም ከሸንጎው ሥልጣን ውጭ ተደርጓል። ዛሬ ጎሣ ከመታወቂያ ወረቀት ላይ ወጥቷል፤ በአደባባይ ማንሣቱም በከፋፋይነት ሊያስከስስ ስለሚችል፣ ጎረቤታሞቹ በልባቸው የያዙትን ከውጭ ሆኖ መለካት ያስቸግራል።