በአፓላቺያ ተራሮች የባለቤትን ወገን ስለ መፈለግ

ውድ እኅታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት። የባለቤትዎ አያት በአሜሪካ፣ በአፓላቺያ ከሚገኙት የደቡብ ዌስት ቨርጂንያ ተራሮች መምጣታቸውን ከማወቅ በቀር ሌላ ነገር በእጅዎ እንደሌለ፣ አማትዎ ሲያርፉ ግን አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ስም ያልተጻፈባቸው ፎቶግራፎች እንደተገኙ ገልጸው፣ ልጆችዎ የአባታቸውን ወገን እንዲያውቁ ከየት ልጀምር ብለዋል። የእኔም ባለቤት የዚያው አገር ሰው በመሆኑ ይህንኑ ሥራ ስድስት ዓመት ያህል ይዤዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያባከንሁት በስም ስለፈለግሁ ነው። በዚያ አገር መጀመሪያ የሚፈለገው ስም ሳይሆን ቦታ ነው።

እኛ ሰውን የምንለየው በአባቱ ስም ነው። እዚያ ግን የቤተሰቡ ስም ለመቶ ሰው አንድ ከመሆኑም ሌላ፣ የወንድማማቾች ልጆች ብዙ ጊዜ የአያታቸውን የመጠሪያ ስም ይወርሳሉ። በ1900 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የባለቤቴን ቅድመ አያት ሙሉ ስም የያዙ አራት ሰዎች በአንድ ወረዳ አገኘሁ። የእኛውን ከአራቱ የለየልኝ በመሬት ሽያጭ ውል ላይ የሰፈረው የአንዲት ጅረት ስም ነው፤ ቆጣሪው ቤት ለቤት እየዞረ በመዘገበው ቅደም ተከተል ውስጥ ደግሞ በውሉ ላይ የተጠቀሱት ጎረቤቶች ከእርሱ ግራና ቀኝ ተገኙ። ስለዚህ በሕይወት ያሉትን በዕድሜ የገፉ ዘመድ ሲያነጋግሩ ስለ ዘር ሐረግ አይጠይቋቸው። ቤቱ በየትኛው ‘ሆለር’፣ ማለትም በተራሮች መካከል በምትገባው ጠባብ ሸለቆ፣ እንደነበረ፣ ልጆቹ የት ይማሩ እንደነበር፣ ሰው ሲሞት ሬሳው በየትኛው መንገድ ይወጣ እንደነበር ይጠይቋቸው።

ቦታውን ሲይዙ ወሰኑ ተንቀሳቃሽ መሆኑን ልብ ይበሉ። ዌስት ቨርጂንያ ከቨርጂንያ ተለይታ ራሷን የቻለች ግዛት የሆነችው በ1863 ሲሆን፣ ሚንጎ ካውንቲ (ካውንቲ ማለት በግዛት ሥር ያለ ወረዳ ነው) ከሎጋን ካውንቲ የተከፈለችው በ1895 ነው። በ1860 የተወለደ አንድ ገበሬ እንግዲህ ከደጁ ሳይርቅ በቨርጂንያ ተወልዶ፣ በዌስት ቨርጂንያ ሎጋን አድጎ፣ በሚንጎ ሊቀበር ይችላል፤ ወረቀቱም በዚያው ልክ በሁለት ካውንቲዎች ተበትኖ ይገኛል።

ከወረቀቱ ሁሉ የጠቀመኝ የሞት የምስክር ወረቀት ነው። የዌስት ቨርጂንያ ቤተ መዛግብት የቆዩትን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች ምስል በድረ ገጹ በነጻ ያሳያል። በምስክር ወረቀቱ ላይ የሟቹ ወላጆች ስምና የቀብሩ ቦታ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድመው ‘መረጃውን የሰጠው ማን ነው’ የሚለውን መስመር ያንብቡ። በእኛ ቤት መረጃውን የሰጠው የሟቿ አማች ስለነበር በእናቷ ፈንታ የእንጀራ እናቷን ስም አስመዘገበ፤ እኔም የማላውቀውን ሰው ዘር ስቆጥር አንድ ክረምት አለፈ። ቆጠራዎቹን ከ1950 ተነሥተው ወደ ኋላ ይከተሉ፤ የ1890ው ከ1921 ቃጠሎ በኋላ በአብዛኛው ስለጠፋ በዚያ ላይ ጊዜ አያጥፉ። የባለቤትዎ ወገን ጥቁር አሜሪካውያን ከሆኑ፣ ባሪያ ሆነው ይኖሩ የነበሩት በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ይወቁ። የ1900ው ቆጠራ እያንዳንዷ እናት ስንት እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለላት ይጠይቅ ነበር፤ የባለቤቴ ቅድመ አያት ሚስት መልስ ‘ዘጠኝ፣ አምስት’ የሚል ነው።

አሁን ወደ ካርቶንዎ ልመለስ። በመጀመሪያ ሁሉንም፣ ጀርባቸውን ጭምር፣ ስካን ያድርጓቸው፤ የተደራረቡበትንም ቅደም ተከተል ሳያፈርሱ ቁጥር ይስጧቸው። ማግኔት የሚስበው በቀጭን ብረት ላይ የተነሣ ‘ቲንታይፕ’ ሲሆን፣ ይህ አሠራር የተጀመረው በ1850ዎቹ ነው። የፖስታ ካርድ መልክ ያላቸው ደግሞ ቴምብር በሚለጠፍበት ማዕዘን ላይ ‘ኤ፣ ዜድ፣ ኦ’ (AZO) የሚሉ ፊደላት፣ ማለትም የፎቶ ወረቀቱ ስም፣ ሊኖራቸው ይችላል፤ ልጆቼ ‘አዞው’ ይሉታል። በአዞው ዙሪያ ያሉት አራቱ ሦስት ማዕዘኖች ሁሉም ሽቅብ የሚያዩ ከሆነ ወረቀቱ በግምት ከ1904 እስከ 1918፣ ሁለቱ ቁልቁል ከሆኑ ከ1918 እስከ 1930 ድረስ የተሠራ ነው። ይህ ዘመኑን እንጂ ሰውየውን አይነግርዎትም። ሰውየውን የነገሩን የአማቴ የአክስት ልጅ የሆኑ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ናቸው። ፎቶግራፉን ስሰጣቸው ፊቶቹን አልፈው በረንዳውን አዩ፤ አንደኛው ምሰሶ ያልተላጠ ግንድ መሆኑን በጣታቸው እየነኩ “ይህ የአጎቴ በረንዳ ነው፤ ምሰሶውን ጎርፍ ወስዶት በግንድ የተካው እርሱ ነው” አሉ። ከዚያ በኋላ የተቀመጡትን ሰባት ሰዎች አንድ በአንድ ጠሩልን። ስሙን ሲያገኙ በስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጠርዝ ላይ ይጻፉት።

መቃብሩን ከሸለቆው በታች አይፈልጉት፤ በወንዙ ዳር ያለችው ጥቂት ሜዳ ለበቆሎ ስለምትፈለግ ሙታን የሚወጡት ወደ ኮረብታው ጫፍ ነበር። ቅጠሉ በረገፈበት፣ እባቡም ባልወጣበት በክረምቱ መጨረሻ ይሂዱ። በጫካ መካከል መሬቱን ያለበሰ፣ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው ፔሪዊንክል የተባለ ሐረግ ካዩ ከሥሩ ምሥራቅ ምዕራብ የተዘረጉ ጎድጓዳ ስፍራዎችን ይፈልጉ። መሬቱ የሌላ ሰው ቢሆንም የዌስት ቨርጂንያ ሕግ ለሟች ዘመዶች የመግባት መብት ይሰጣል፤ ቢሆንም አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ይሻላል፤ እኛን መንገዱን ያሳየን እርሱ ራሱ ነው። የተጻፈበት ድንጋይ ቢገኝ በሽቦ ብሩሽ ወይም በበረኪና አይንኩት፤ በመስተዋት ብርሃን ከጎን ቢያበሩበት ፊደሉ ይነበባል።

እኛ ያገኘነው ግን ከወንዝ የመጣ፣ አንድም ፊደል ያልተቀረጸበት ድንጋይ ነው። ከባልና ሚስቱ ድንጋይ በስተግራ፣ እያንዳንዳቸው ከዳቦ የማይበልጡ አራት ትንንሽ ድንጋዮች ተደርድረው ነበር። ዘጠኝ፣ አምስት ያለችው ለዚህ ነው። የትኛው የየትኛው ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ አዲስ ጽሑፍ አላቆምንባቸውም፤ በየዓመቱ በግንቦት በአንዱ እሑድ፣ ዘመዶቻቸው መቃብር ለማጽዳትና አበባ ለማኖር ምሳቸውን ይዘው ሲወጡ ግን ልጆቼ ለአራቱም ያኖራሉ።